ሁለቱን የሚያግባባው ጊት-ኤስቪኤን

የመሥሪያ ቤቱ ኮድ ሰብቨርዥን በተባለ የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ ላይ ተቀምጧል፤ ፕሮግራመሯ ግን በሌላው መመዝገቢያ በጊት መሥራት ትወዳለች። ለእንዲህ ያለው ችግር ኤሪክ ዎንግ በ2006 እ.ኤ.አ. ጊት-ኤስቪኤንን ጻፈ። ጊት ራሱ ያኔ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ይህን መሣሪያ የምወደው ማንንም ስለማያስገድድ ነው። አለቃ ማሳመን፣ ሰርቨር መቀየር፣ ባልደረባ ማሠልጠን አይጠይቅም። ተርሚናል ከፍቶ «ጊት ኤስቪኤን ክሎን» ብሎ የሰርቨሩን አድራሻ መስጠት ይበቃል። ታሪኩ ረጅም ከሆነ ማውረዱ ሰዓታት ይፈጃል፤ ትዕግሥቱ ግን ያዋጣል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ባይኖርም የቆየ ለውጥ መመርመር፣ ቅርንጫፍ ከፍቶ መሞከር ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ «ዲኮሚት» ነው። በግል ኮምፒውተር የተጠራቀሙትን ኮሚቶች አንድ በአንድ ወደ ሰብቨርዥን ይልካል፤ እያንዳንዱም የራሱን የሪቪዥን ቁጥር ያገኛል። ከዚያ ተመልሶ በኮሚቱ መልእክት ግርጌ የሰርቨሩን አድራሻና ያንኑ ቁጥር የያዘች መስመር ይጨምራል። ሁለቱን ታሪኮች አስተሳስራ የያዘችው ይህች መስመር ናት። መልእክቱ ሲለወጥ የኮሚቱ መለያም አብሮ ይለወጣልና፣ ገና ያልተላከ ሥራን በጊት ለሌላ ሰው ባያጋሩ ይመረጣል። ሰብቨርዥን ቀጥ ያለ ታሪክ ስለሚወድም ከመላክ በፊት በመርጅ ፋንታ «ጊት ኤስቪኤን ሪቤዝ» ማለት ይሻላል።

ለሰዎች ስም ያለው ጥንቃቄም ደስ ይለኛል። ሰብቨርዥን የሚይዘው አጭር የመግቢያ ስም ብቻ ነው፤ ጊት ግን ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። ማን ማን እንደሆነ በአንድ ተራ ፋይል ከተጻፈለት፣ ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱን የለቀቀው ሰው ሥራ ሳይቀር በሙሉ ስሙ ይመዘገባል።