ክርስቲያኑ መንገደኛ በቡድሃ ቤተ መቅደስ

ከመንገደኛ ጽሑፍ ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ስለ ሌላ ሕዝብ ጸሎት የሚጻፈው ነው። ስለ ገበያውና ስለ ድልድዩ፣ ስለ ምግቡና ስለ አለባበሱ የሚጽፍ ሰው ዐይኑን ቢያምን ብዙ አይሳሳትም። ስለ ጸሎት የሚጽፍ ግን የሚያየው የሰውን ጕልበትና እጅ እንጂ ልቡን አይደለምና፣ የጐደለውን ከራሱ ልብ እያመጣ ይሞላዋል። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። እኔም ባንኮክ ከተማ ዋት ፖ ወደ ተባለው ገዳም በገባሁ ጊዜ፣ እንደ አገሬ ልማድ ጫማዬን በደጅ አውልቄ፣ በጐኑ የተጋደመውን የቡድሃ ምስል ስመለከት ቈይቼ፣ በማስታወሻዬ የጻፍሁት ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር መሆኑንና ጣዖት መሆኑን ብቻ ነበር። በግድግዳው ሥር በተደረደሩት 108 የነሐስ ዕቃዎች ውስጥ አንዲት ባልቴት ሳንቲም በሳንቲም እየጣሉ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ የሳንቲሙም ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ስለ እርሳቸው ግን አንድ ቃል አልጻፍሁም።

ስሙ ራሱም ለእኛ እንቅፋት ሳይሆን አይቀርም። «ቡድሃ» ሲባል ጆሮአችን «ቡዳ»ን ይሰማልና፣ አስተማሪ ስሙን በጠራ ቍጥር ተማሪ መሣቁ የታወቀ ነው። የሕንዱ ቃል ግን «የነቃ» ማለት ነው።

በዚህ ነገር ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እንዴት እንደ ጻፉ ለመመርመር ወደ ጥንት መንገደኞች ተመለስሁ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ የፍላንደርስ ተወላጅ የሆነው የፍራንሲስካን መነኵሴ፣ ዊልያም ዘሩብሩክ ነው። ይህ ሰው በ1253 ዓ.ም. ወደ ሞንጎሎች አገር ተጕዞ ያየውን ሁሉ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 9ኛ በደብዳቤ ጽፎለታል። ዛሬ ካዛክስታን በሚባለው አገር፣ ቃያሊቅ በተባለች ከተማ ወደ አንድ ቤተ አምልኮ ገብቶ በእጁ ላይ በቀለም የተሣለ ትንሽ መስቀል ያለበት ሰው ያገኛል። በዚያም ክንፍ ያለው፣ ቅዱስ ሚካኤልን የሚመስል ምስል አለ፤ ሌሎቹም እንደሚባርኩ ጳጳሳት ጣታቸውን አንሥተዋል። መነኵሴው የክርስቶስ ሥዕልና መስቀል ስለ ምን እንደሌላቸው ቢጠይቅ፣ ሰውየው ልማዳቸው አለመሆኑን ብቻ መለሰለት። ዊልያምም እነዚህ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ይህን ያስቀረባቸው የትምህርት ማነስ ነው ብሎ ደመደመ።

የመስቀል ንቅሳት በእናቶቹ ግንባርና እጅ ላይ ሲያይ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ቦታ ሲያነብ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ መደምደሚያው ስሕተት ነው። ፍቅር ያለበት ስሕተት ቢሆንም ቅሉ ስሕተት ነው፤ የሌላውን መልክ አይቶ የራሴ ነው ማለት ሌላውን አለማየት ነውና። ደግነቱ ዊልያም መደምደሚያውን ከጻፈ በኋላ ያየውን አልደመሰሰም። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው እኛ መስቀሉን፣ ክንፉንና ጣቱን ይዘን ፍርዱን መተው እንችላለን።

ይኸው ጠባይ በሌላም ቦታ ይታያል። መነኮሳቱ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ብጫ ልብስ ለብሰው፣ መቍጠሪያ በእጃቸው ይዘው ሁልጊዜ የሚደጋግሙትን ጸሎት ጆሮው እንደ ሰማው በፊደል አኖረው። አስተርጓሚው የሰጠው ትርጕም ትክክል አልነበረም፤ ድምፁ ግን በደኅና ስለ ተጻፈ የዛሬ ሊቃውንት የትኛው ጸሎት እንደ ሆነ ለይተው ያውቁታል። በካራኮሩም ከተማም መነኮሳቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠው መጽሐፋቸውን በዝምታ ሲያነቡ አገኛቸው። ሊያናግራቸው በብዙ መንገድ ቢሞክርም ከቶ አልሆነለትም። አልሆነልኝም ብሎም ጻፈ። ከደብዳቤው ሁሉ እኔ የማከብረው ይህን ቦታ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን በዚያ ዝምታ ላይ አንድ ድል ፈጥሮ በጨመረበት ነበር።

በ1254 ዓ.ም. በጰራቅሊጦስ ዋዜማ በንጉሡ በሞንግኬ ትእዛዝ ክርስቲያኖች፣ እስላሞችና የቡድሃ መነኮሳት በአደባባይ ተከራከሩ። ዊልያም ስለ ክርክሩ ሲተርክ ራሱን አሸናፊ ማድረጉ አልቀረም፤ ይህ ክፍል ለእኔ ከዝምታው ያነሰ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ፣ ሁሉ ቢሰማም አምኛለሁ ያለ አንድ ሰው እንዳልተገኘ፣ ከዚያም ጉባኤው በብዙ መጠጥ እንደ ተፈጸመ ሳይደብቅ ነግሮናል።

ማርኮ ፖሎን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ስለ ሲሎን ደሴት ሲጽፍ ቡድሃ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ታላቅ ቅዱስ በሆነ ነበር ይላል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ግን የነጋዴ ምስጋና ነው፤ ሚዛኑን ይዞ ይመጣል።

ኢጣልያዊው የኢየሱሳውያን ካህን ኢፖሊቶ ዴዚዴሪ ግን ሌላ ሰው ነው። በመጋቢት 1716 ዓ.ም. ላሳ ደርሶ የቲቤትን ቋንቋ ተማረ፤ ሴራ በተባለው ታላቅ ገዳም ገብቶ መጻሕፍታቸውን አጠና፤ ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትመላለሳለች የሚለውን ትምህርት የሚቃወሙ መጻሕፍትንም በገዛ ቋንቋቸው ጻፈ። ዛሬ አንዳንዶች ሲያመሰግኑት ወንጌል ለመስበክ የሄደ መሆኑን እንደ ነውር ሊሸፍኑለት ይፈልጋሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ዴዚዴሪ እምነቱን አላላላም፤ ፈጣሪ የለም የሚለውን ትምህርታቸውን ሲነቅፍ የሕዝቡን ግብረ ገብነት ያደንቃል። የሚቃወመውን ነገር ከባለቤቱ አፍ በባለቤቱ ቋንቋ ስለ ተማረው ነቀፋው ክብደት አለው።

እኛም ተጽፎብናልና ይህን መመዘን እንችላለን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ የጥምቀትን በዓል ባየ ጊዜ ጥምቀት አይደገምም ብሎ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ተከራክሯል። በ1540 በታተመው መጽሐፉ የራሱን ተቃውሞ ብቻ ሳይሆን ንጉሡ የሰጡትንም መልስ አኑሮልናል። ብንቈጣበትም እናነበዋለን።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እጨጌ እንባቆም በ1553 ዓ.ም. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» የሚባለው መጽሐፍ፣ በቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገ የሕንድ ልዑል በሽተኛና ዕውር፣ ቀጥሎም ሽማግሌ አይቶ ዓለምን እንደ ናቀ ይተርካል። ሊቃውንት መርምረው እንዳረጋገጡት ይህ ታሪክ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረብኛ፣ በጆርጅያ ቋንቋና በግሪክ አልፎ ክርስቲያን የሆነ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ይዋስፍ የሚለውም ስም ቦዲሳትቫ ከሚለው የሕንድ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ እኔ ባንኮክ ላይ ርዝመቱን ከሰሌዳ ቀድቼ የወጣሁበት ሰው ታሪክ፣ የግእዝ ልብስ ለብሶ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በአገራችን ኖሯል።

ማስታወሻዬን በቅርቡ አውጥቼ አየሁት። ጣዖት የሚለውን ቃል አልፋቅሁም፤ እምነቴ ነውና። ከበላዩ ግን በቀረው ቦታ ስለ ባልቴቲቱ የማስታውሰውን ጻፍሁ፤ ነጠላ የሚመስል ነጭ ልብስ በትከሻቸው እንደ ነበረ፣ በየዕቃው ፊት ጥቂት እንደሚቆሙ፣ ሳንቲማቸው ከመጨረሻው ዕቃ በፊት አልቆባቸው በባዶ እጃቸው እየነኩ እንዳለፉ።