ከባንኮኒው ወዲያ

ስለ ጎንደር ፒያሳ የሚጻፈው ትዝታ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የተጻፈ ይመስላል። ቢጫው ግድግዳ፣ ክብ ማዕዘኑ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው ይነሣና «የጣሊያን እጅ» ተብሎ ይዘጋል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በርክቷል። የኮሪደር ልማቱ ጎንደርም ስለዘለቀ ሥጋቱ ይገባኛል። ቅር የሚለኝ ግን ሱቁ ሲዘከር ንግዱ መረሳቱ ነው።

ጣሊያን ጎንደርን የያዘው ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ የነደፈው ፕላን ነጩን ከአገሬው የሚለይ ነበር፤ ዛሬ የሚወራው ስለ መስመሩ ውበት ብቻ ነው። ከተማዋ ከቦዚዮ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ነግዳለች። ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ወርቁን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ሰውንም ጭምር ሲሸጥ፣ አሞሌ ሲመነዝር የኖረባት ናት። የዚያ ንግድ አሻራ ያለው አራዳና አዲስ ዓለም በሚባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ነው። ፎቶ የሚነሣ ግንባር ስለሌላቸው አልቃሽም የላቸውም።

ፒያሳው ራሱ ቢሆን ውስጡ ነው የሚናገረው። አንድ የማዕዘን ሱቅ አውቃለሁ። ባንኮኒው ወፍራም ጣውላ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሁለት የነሐስ ምስማሮች በአንድ ሜትር ርቀት ተመትተዋል። አቡጀዲ የሚለካው በእነሱ ነበር። በምስማሮቹ መካከል ያለው እንጨት ጨርቅ ሲጎተትበት ኖሮ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ይህን ከማዶ የቆመ አያየውም። ባንኮኒ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን መጥቶ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። አውቶ ፓርኮ የሚባለው የጎንደር ሰፈር ስምም እንዲሁ፤ የሰፈሩ ልጅ ስሙን ሲጠራ የወታደር ካሚዮን ትዝ አይለውም።

የፒያሳው ቤቶች መቆየት በጥበቃ የመጣ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ አፍርሶ የሚሠራ ባለቤት ጠፋ፤ ኪራዩ ርካሽ ሆነ፤ ተከራዩም የማይለቅ፣ የማይገነባም ሆነ። ቤቱን ያቆየው ይህ ነው። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ሱቆች ያስታወሳቸው አልነበረም። አሥመራ ግን በዚያው በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎቿን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመዘገበች። የእኛ ጸሐፊዎች ይህን በቅናት ይጠቅሱታል። ቅናቱ አይጋባብኝም፤ አሥመራን የሚያደንቁ ሰዎች የሚያሳዩኝ ባዶ ወንበርና ንጹሕ ግድግዳ ነው።

ተከራይ ያበላሸው ቤት ይሻለኛል። ያ የማዕዘን ሱቅ አሁን በኮምፔርሳቶ ለሦስት ተከፍሏል፤ አንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ አንዱ ጫማ ይሸጣል፣ ሦስተኛዋ ባለ ፎቶ ኮፒ ናት። ቅርስ ተቆርቋሪዎች ይህን «ጥፋት» ይሉታል። ግንቡ ላይ ምስማር መመታቱ እውነት ነው፤ ክቡ ማዕዘንም በማስታወቂያ ጨርቅ ተሸፍኗል። የወለሉን ሴራሚክ ግን ማንም አልነቀለውም። ወለሉ ላይ አንድ ትልቅ አበባ አለ፤ ሰማያዊ ቅጠሉ ከጫማው ሱቅ ተነሥቶ በኮምፔርሳቶው ሥር ያልፋል። ባለ ፎቶ ኮፒዋን አበባውን አሳይቼ ስጠይቃት፣ «ግማሹ የኔ ነው፤ የቀረውን ጫማ ቤት ገብተህ እይ» አለችኝ። ገባሁ፤ ባለ ጫማው ካርቶኖቹን ገፋ አድርጎ አሳየኝ።