ቅርቡን የማይለቅ መስኮት

ከሜክሲኮ ፌርማታ ወደ ለገሃር ስሄድ ስልኬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አንድ ረጅም ምስል ለማንሣት ሞክሬ ነበር። ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች የሚጋሩት ሐዲድ እዚያ ላይ በድልድይ ስለሚያልፍ፣ በጥቂት ብር ትኬት ከተማዋን ከፍ ብሎ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም። የወጣው ምስል ግን አሳቀኝ። እንጦጦ እንደ ወትሮው ተጋድሟል። የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ ወገቡ ላይ ተሰብሯል፤ የሐዲዱ ዳር ምሰሶዎች ግማሾቹ ተውጠዋል፣ ግማሾቹ መንታ ሆነዋል። ከአጠገቤ ተጨናንቆ የቆመ ሰው ክንድ ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ ብቅ ብሏል።

ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ፓኖራማ የሚሠራው ካሜራው ባለበት ቆሞ ሲዞር ነው፤ ስልኩ ቀጫጭን ቁራጮችን እያነሣ ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋቸዋል። በባቡር ላይ ግን የሚሄደው ካሜራው ራሱ ነው። ሩቁ ተራራ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ብዙም ስለማይለወጥ ስፌቱ ይይዝለታል። ቅርቡ ነገር ግን ሁለተኛው ቁራጭ ሲነሣ ቦታውን ለቋል። ስለዚህ ከባቡር የሚነሣ ሰፊ ምስል ሁልጊዜ ለሩቁ ያደላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚሁ አድልዎ ነው።

አድልዎው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ የሳይቤሪያን ጉዞ ለማሳየት ተመልካቾችን በእውነተኛ ፉርጎ አስቀምጠው ከመስኮቱ ውጭ አራት ተንቀሳቃሽ ንጣፎች ዘርግተው ነበር። ድንጋይና አሸዋ ያለበት የቅርቡ ንጣፍ በደቂቃ 300 ሜትር ይሮጣል፤ ተራራና ከተማ የተሣለበት የሩቁ ግን በደቂቃ 5 ሜትር ብቻ። የቅርቡን ማንም አተኩሮ እንዲያየው አልተፈለገም፤ ሥራው ማለፍ ነበር። ጀርመናዊው የታሪክ ጸሐፊ ቮልፍጋንግ ሺቭልቡሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ባቡር ጉዞ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ወደ ንድፈ ሐሳብ ከፍ አድርጎታል፤ የባቡር ፍጥነት የአካባቢውን ቅርብ ገጽ ሰርዞ፣ ተጓዡ ዓለምን እንደ ተንጠልጣይ ሥዕል እንዲያይ አደረገው ይላል። ስለ አውሮፓ ሲናገር አሳማኝ ነው። ወደ እኛ የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ሲመጣ ግን ያነክሳል።

ባቡርና ካሜራ ወደዚህ አካባቢ የመጡት ተያይዘው ነው። በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲያርፍ ወደ ኩማይሌ የሚወስድ አጭር ሐዲድ ዘረጋ፤ የጦሩ መሐንዲሶችም ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ሁለቱም የዘማች መሣሪያ ነበሩ፤ አንዱ ስንቅ ሲያመላልስ ሌላው አገር ይመዘግባል። በ1886 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ የጅቡቲውን መስመር ፈቃድ የተቀበለው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግም ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑ እንደ አጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም።

መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ባቡር መፍጠን አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ተጓዡ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚገባው። ሺቭልቡሽ የሚለው የቅርቡ መሰረዝ እዚህ በየጣቢያው ይፈርስ ነበር። ሜኢሶ ወይም ኤረር ላይ ባቡሩ ሲቆም ቅርቡ ራሱ ወደ መስኮቱ ይመጣ ነበር፦ የጫት እስር፣ ፍራፍሬ፣ የግመል ወተት፣ ከታች ወደ ላይ የሚቀባበል ገንዘብ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወረወር የኮንትሮባንድ ቦንዳ። መስኮቱ መመልከቻ ብቻ ሳይሆን ሱቅም በርም ነበር። ባቡር የሚጠብቁት ነጋዴ ሴቶች ኑሯቸው የቆመው ሺቭልቡሽ ጠፋ በሚለው በዚያ በቅርቡ ንጣፍ ላይ ነበር።

ይህን ስል መስመሩ ላይ ፓኖራማ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በመተሐራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ተራራ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ሰፊው ምስል የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ የከረዩ፣ የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደር ግጦሽ ከፉርጎ መስኮት ሲታይ በቀላሉ «ባዶ በረሃ» ይሆናል። በጎኖቹ በተዘረጋ ፎቶግራፍ ውስጥ ሰው ነጥብ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን ፎቶግራፎች ሰብስበው ያሳተሙትን መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ዓይኔን የሚይዙት ሰው በቅርብ የቆመባቸው ገጾች ናቸው። ምርጫው የእኔ ይሁን የአዘጋጆቹ መለየት ይቸግረኛል።

በእርግጥ እኔ ያደግሁት በሌላ ዓይነት ረጅም ሥዕል ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከው የአዲስ አበባ ገበያ ሥዕል፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች የተከፈለው፣ አድማስ የለውም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ሳጥን በሰው ይሞላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ከፓኖራማ ይልቅ የሚመስለው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ባቡርን ነው። የአሮጌውን መስመር ጉዞ በፎቶግራፍ ለመተረክ ለሚያስብ ሰው፣ ከሰፊው ሌንስ ይልቅ ይህ አከፋፈል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሺቭልቡሽ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው አዲሱ የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ላይ ነው። መነሻው ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ከከተማው ዳር ለቡ ሆኗል፤ የድሬዳዋው ጣቢያም ከከተማው ወጥቷል፤ ቅርቡ ወደ መስኮቱ መምጣቱ ቀርቷል። የሚወጣው ምስል ጥርት ያለ ነው፣ የሰው ክንድ አያበላሸውም። ሥሩ ላይ የቦታውን ስም ካልጻፉበት ግን የትኛውም ቆላ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቦታ ስም ካነሣን፣ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ያች አገር የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው ሜትሮ ሦስተኛ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የእኛ ሜክሲኮ በድልድይ ላይ፣ የእነሱ ኢትዮጵያ ግን ከመሬት በታች። ከዚያ ጣቢያ ተነሥቶ ዋሻው ውስጥ ስልኩን ወደ መስኮቱ የሚደግን ሰው ተራራ አያገኝም። መስታወቱ መልሶ የሚሰጠው አጠገቡ የቆሙትን ሰዎች ነው።