ቁጥሩ ከላይ፥ ስሙ ከታች፦ ስለ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተረጂዎች አመራረጥ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ድኻን መርዳት ከጥንት ጀምሮ የዘመድ፥ የጎረቤትና የሃይማኖት ሥራ ሆኖ ኖሯል። መንግሥት በጀት መድቦ፥ ደንብ አውጥቶና መዝገብ ከፍቶ ድኻውን ዓመት ከዓመት በየሰፈሩ የሚረዳበት አሠራር ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ይኸውም በገጠር በ1997 ዓ.ም.፥ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ተጽፏል፤ የሚበዛው ጽሑፍ ግን የሚጠይቀው የተሰጠው ገንዘብ በቃ ወይስ አልበቃም ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ይለያል። ተረጂው በማን እንደሚመረጥና ቁጥሩ በማን እንደሚወሰን መርምሮ፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ጉድለት ለማሳየት ነው።

አስቀድሞ ግን ለፕሮግራሙ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ከ1997 ዓ.ም. በፊት መንግሥት በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ያቀርብ ነበር። ዝናብ መቅረቱ ይነገራል፤ የተራበው ሕዝብ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ እህል ከውጭ ይጠየቃል። እህሉ እስኪደርስ ድረስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይበላል። በ1995 ዓ.ም. የእርዳታ ፈላጊው ብዛት 13 ሚሊዮን ያህል በደረሰ ጊዜ ይህ አሠራር እንደማያዛልቅ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ የሚቸገር ሕዝብ እንዳለ ከታወቀ፥ እርዳታውም አስቀድሞ የታወቀና በወቅቱ የሚደርስ መሆን አለበት ተባለ። በዚህ መሠረት በገጠር ጉልበት ያለው ሰው ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 5 ቀን፥ በዓመት 6 ወር ያህል በእርከን፥ በመንገድና በውሃ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ፤ ጧሪ የሌለው ሽማግሌና ሥራ የማይችል በሽተኛ ግን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጠው ተደረገ። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመዘገበበት።

የከተማው ፕሮግራም ይህንኑ አሳብ ወደ መንደር አስፋልት ያመጣ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ወጪ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ በብድር፥ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት በጀት የተመደበ ነበር። ዕቅዱም በ11 ከተሞች 604,000 ሰዎችን ለመርዳት ነበር። ከእነዚህም ከመቶ 84ቱ በመንገድ ጽዳት፥ በቈሻሻ ማስወገድ፥ በአትክልትና በመሳሰለው ሥራ እየሠሩ፥ 16ቱ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዱ ታስቦ ነበር። በማለዳ ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው አውራ ጎዳና የሚጠርጉትን እናቶች ያየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ለሚቀጥለው ምዕራፍ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ።

አሁን ወደ አመራረጡ እንመለስ። በገጠርም በከተማም ስም የሚያቀርበው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። በገጠር በቀበሌና በጎጥ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ይቋቋማል፤ በከተማ ኮሚቴው የቤተሰቦችን ኑሮ አይቶ ድኻ ከድኻ ያበላልጣል፤ ከዚያም ስለ ቤቱ ይዞታ፥ ስለ ቤተሰቡ ብዛትና ስላለው ንብረት በሚሞላ መጠይቅ ነጥብ እየተሰጠ ዝርዝሩ ይጣራል። በአሳቡ ላይ ነቀፌታ የለንም። የጎረቤትን ጓዳ ጎረቤት ያውቀዋል። ምድጃዋ ስንት ቀን እንዳልጨሰ፥ ልጇ ለምን ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ፥ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክላት ዘመድ ያላትና የሌላት ማን እንደ ሆነች ከመጠይቁ ይልቅ ቡና የሚጠራሩ ሴቶች አጣርተው ያውቁታል።

ጉድለቱ የሚመጣው ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ፥ ወረዳና ቀጠና የሚደርሰው የተረጂ ቁጥር በጀቱን መሠረት አድርጎ ከላይ ተደልድሎ ይወርዳል። ስለዚህ ኮሚቴው «በመካከላችን ስንት ድኻ አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ሥልጣን የለውም፤ የሚጠየቀው «የተፈቀደላችሁን ቁጥር ሙሉ» ተብሎ ነው። ለምሳሌ በአንድ ቀጠና ውስጥ አንድ መቶ የተቸገሩ ቤተሰቦች አሉ፥ የወረደውም ቁጥር 60 ነው እንበል። አርባዎቹ የሚቀሩት ድኻ ስላልሆኑ አይደለም፤ ቁጥሩ ስላለቀ ነው። የሚነገራቸው ግን «መስፈርቱን አላሟላችሁም» የሚል ቃል ነው። እንዲህ ሲሆን በጀቱን የወሰነው ባለሥልጣን ከዐይን ይሰወራል፤ የሚታየው በኮሚቴው ወንበር የተቀመጠው ጎረቤት ብቻ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፥ ሕዝቡ ቁጥሩን በራሱ መንገድ ማረሙ ነው። በገጠር በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ከአንድ ቤተሰብ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ እየተመዘገቡ ሌሎቹ እንዲቀሩ ሲደረግ፥ የተሰጠውም እህል ከጎረቤት ጋር ሲከፋፈል በተደረጉት ጥናቶች ተገልጿል። ደንቡ ይህን እንደ ጥፋት ይቈጥረዋል፤ ምክንያቱም የተከፋፈለ እህል አንዱንም አያጠግብም። በእኛ አስተያየት ግን ድርጊቱ ፍርድ ነው። አብረው የቸገራቸው ሰዎች አንዱን ተረጂ ሌላውን ተመልካች የሚያደርገውን ድልድል አንቀበልም ማለታቸው ነው። ሁለተኛው፥ አቤቱታ ትርጉም ማጣቱ ነው። አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ መቋቋሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ካልጨመረ አንዲት ሴት አቤት ብላ ብትረታ የምትገባው ሌላዋን አስወጥታ ነው። ሰው የጎረቤቱን እንጀራ ካልነጠቀ በቀር ፍትሕ የማያገኝበት ችሎት፥ ብዙዎችን ዝም ያሰኛል።

ተረጂው የሚወጣበትም በር ከሚገባበት አይሻልም። ከፕሮግራሙ መውጣት «ምረቃ» ይባላል። በከተማው የመጀመሪያ ምዕራፍ አንድ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባሉ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 60 የሥራ ቀን፥ በሁለተኛው እስከ 40፥ በሦስተኛው እስከ 20 እየተቀነሰለት ከሠራና ከሚያገኘው ከመቶ 20ውን ከቈጠበ በኋላ፥ 500 ዶላር የሚያህል መቋቋሚያ ተሰጥቶት እንዲወጣ ታቅዶ ነበር። ቁጠባውም መቋቋሚያውም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ተማሪ የሚመረቀው ትምህርቱን ማወቁ ተፈትኖ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈተነው የቀን መቍጠሪያው ነው። በገጠር በአንጻሩ ምረቃ በቤተሰቡ ሀብት እንዲለካ ደንቡ ያዝዝ ነበር፤ ሆኖም የሚመረቀው ሰው ብዛት በዕቅድ ከላይ በወረደ ጊዜ ልኬታው ለዕቅዱ ማሟያ ሆነ። መግቢያውን ያበላሸው ቁጥር መውጫውንም አበላሸው።

የፕሮግራሙ ጠበቆች ሁለት መልስ ይሰጡናል። የመጀመሪያው በጀት ወሰን አለው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። እኛ የምንነቅፈው ወሰኑን አይደለም፤ ወሰኑ በድኻው መስፈርት ስም መሸፈኑን ነው። ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች በዕጣ ስለ ተመረጡ ሊቃውንት ተረጂውን ሰፈር ካልተረጂው ጋር ለማነጻጸር ችለዋል። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት የወጣው ጥናታቸው፥ ፕሮግራሙ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ የግል ሥራ ደመወዝ በ18.6 ከመቶ እንደሚጨምር፥ የደመወዙና የሰፈሩ መሻሻል ሲታሰብም ድኾች የሚያገኙት ጥቅም ስድስት እጥፍ እንደሚሆን አስልቷል። እንግዲህ ስሟ ያልተጻፈላት የቀን ሠራተኛም ተጠቅማለች ማለት ነው። ይህን በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ጥናቱ የሚያስረዳው ፕሮግራሙ ሲሰፋ የሚጠቅም መሆኑን እንጂ፥ ጉልበት የሌላት አሮጊት ከመዝገብ ስትቀር በማን ስም እንደ ቀረች አይደለም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ ስላልሆነ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተያዘ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ጊዜ፥ በድኽነት ላይ የወጣው ሕግ የየሰፈሩ ነዋሪዎች በተቻለ መጠን ሁሉ በሥራው እንዲካፈሉ አዘዘ። ነዋሪዎቹ በእርግጥ መካፈል ሲጀምሩ የከተማ ከንቲባዎች አልወደዱትም፤ በ1967 ሕጉ ተሻሽሎ ለከተማ ሹሞች የበላይነት የሚሰጥ በር ተከፈተ። በ1981 በወጣው የድጎማ ሕግ ግን ገንዘቡን የሚቀበሉት የአካባቢ ድርጅቶች ካላቸው የቦርድ አባሎች ቢያንስ ሲሶው በድኾች የተመረጡ እንዲሆኑ ተደነገገ። ሆኖም የገንዘቡን ልክ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ከዚህ የምንማረው ወንበር ማግኘት ቁጥርን ከመወሰን ጋር አንድ አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ በሕግ የጸና ወንበር ያለው ሰው ቢያንስ ቁጥሩን ማን እንደ ወሰነው በአደባባይ ለመጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ አራት ነገር እንዲደረግ እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ኮሚቴው ቁጥር ሳይነገረው በሰፈሩ ያለውን የተቸገረ ሁሉ ይመዝግብ፤ የበጀቱ ድልድል ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሁለተኛ፥ የተቸገረው ቁጥርና የተፈቀደው ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈው በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፉ፤ የቀሩትም ሰዎች «ተራችሁ ስንተኛ ነው» ተብሎ ይነገራቸው እንጂ «ድኻ አይደላችሁም» አይባሉ። ሦስተኛ፥ ዕድሮች በመረጧቸው ሰዎች በኮሚቴው ይወከሉ፤ አቤቱታ ሰሚውም መጠባበቂያ ቁጥር ይኑረው። አራተኛ፥ ማንም ቤተሰብ ኑሮው ሳይመረመር ዓመት ስለ ሞላው ብቻ አይመረቅ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት እውነቱን መናገር ነው። መንግሥት ለሁሉ የሚበቃ ባይኖረው አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የራሱን አለመቻል በጎረቤት አፍ «አንቺ አልተቸገርሽም» ማሰኘቱ ነው።