የጠፋ ባለሟልነት ስለ መመለስ፤ «ፎለን ለንደን» በተባለው የትረካ ጨዋታ ላይ የቀረበ ሂስ

ከቤተ መንግሥት ሞገስ ያጣ ሰው ሞገሱን መልሶ የሚያገኘው በምን መንገድ ነው? ጥያቄው የቆየ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ልብ ወለድ ደራሲዎችም ሲያነሡት ኖረዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚነበብ አዲስ ዓይነት ድርሰት ይህንኑ ጥያቄ በራሱ መንገድ አንሥቶታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ «ፎለን ለንደን» የተባለውን የእንግሊዝ ሥራ መርምረን፣ የባለሟልን መውደቅና መነሣት እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ፣ ከነገሩ እውነት የቱን እንደ ያዘና የቱን እንደ ሳተ ለማመልከት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ፎለን ለንደን»ን ያወጣው ፌይልቤተር ጌምስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን፣ በ2009 «ኤኮ ባዛር» በሚል ስም የጀመሩት አሌክሲስ ኬኔዲና ፖል አረንት ናቸው። የሚጫወቱት በኢንተርኔት ብራውዘር ነው። ሥዕሉ ጥቂት፣ ጽሑፉ ግን እጅግ ብዙ በመሆኑ ተጫዋቹን «አንባቢ» ብለን መጥራት ይገባናል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የብሪታንያ ንግሥት ሊሞት የተቃረበውን ባሏን ለማዳን ስትል የባዛሩ ጌቶች ከሚባሉ ምስጢራውያን ፍጡራን ጋር ተዋዋለች፤ ዋጋውም ከተማዋ ነበረች። በ1862 ለንደን በሌሊት ወፎች ተነጥቃ ከመሬት በታች ወዳለ ታላቅ ዋሻ ወረደች። አንባቢው ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ የሚገባውም እንደ ክቡር እንግዳ ሳይሆን ከወኅኒ እንዳመለጠ እስረኛ ነው። ከዚህ ዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ፣ የማግባባት ችሎታውን እያሳደገ፣ በመጨረሻ በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ባለ ሙያና ባለሟል እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል።

የድርሰቱ አሠራር ከተራ ልብ ወለድ የተለየ ነው። ታሪኩ በአጫጭር ቁራጮች ተከፋፍሎ የቀረበ ሲሆን፣ አንባቢው በያንዳንዱ ቁራጭ ከቀረቡለት ምርጫዎች አንዱን ይወስዳል፤ ምርጫውም በስሙ የተመዘገቡትን ቍጥሮች ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ከእነዚህ ቍጥሮች መካከል አራቱ የአደጋ መለኪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ቍስል፣ ቅዠት፣ ጥርጣሬና ነውር ይባላሉ። ቍስሉ የበዛ ሰው ወደ ሙታን ወንዝ ይወርዳል፤ ጥርጣሬ የበዛበት ወኅኒ ይገባል። ለእኛ ጥያቄ ዋነኛው ግን ነውር ነው። ያልተገባ ፍቅር፣ የተጋለጠ ደብዳቤ፣ በግብዣ ላይ የተሳሳተ ቃል፣ እነዚህ ሁሉ የነውርን ቍጥር ያሳድጋሉ። ቍጥሩ 8 በደረሰ ጊዜ ጨዋው ኅብረተሰብ በሩን ይዘጋል፤ አንባቢውም በባሕር ተጭኖ ወደ መቃብር ቅኝ ግዛቶች ይጋዛል።

በዚህ ስደት ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ ምክንያቱም ከድርሰቱ የተሻለው ክፍል ይህ ነው። በዚያ የከርሠ ምድር ዓለም ሞት እንደ ላይኛው ዓለም የጸና አይደለም። ሰዎች ቢሞቱም ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ሆኖም ገላቸው እየጐሳቈለ ይሄዳልና በመጨረሻ በፋሻ ተጠቅልለው፣ ሰው እንዳይጸየፋቸው ከከተማ ርቀው ወደ መቃብር ቅኝ ግዛቶች ይሄዳሉ። ስሙ የጐደፈ ባለሟል የሚላከው እንግዲህ በእነዚህ መካከል እንዲኖር ነው። ደራሲዎቹ ከሞገስ መውደቅን በምሳሌ ብቻ «ሞት» ብለው አላለፉትም፤ የወደቀውን ሰው ግማሽ ሙታን ከሆኑት ጋር አስቀምጠው አሳዩን። ትናንት በአዳራሽ ሲጨፍር የነበረው ዛሬ የሚያነጋግረው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ወሬ የሚያወራ፣ ፊቱ የማይታይ ጐረቤት ነው። ከቤተ መንግሥት የተጣለ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ከዚህ በተሻለ ባጭሩ የገለጸ ድርሰት ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ መመለሱ እንምጣ። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ለይተን እናያለን።

አንደኛው ጊዜ ነው። በ«ፎለን ለንደን» አንባቢው የፈለገውን ያህል ወደ ፊት መሮጥ አይችልም። ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ነጥብ ይከፈላል፤ ነጥቡም በ10 ደቂቃ አንድ ብቻ ይተካል። መደበኛው አንባቢ ሊያከማች የሚችለው 20 ነጥብ ነው፤ ያን ከጨረሰ እንደገና እስኪሞላለት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጠብቃል። በየወሩ ገንዘብ የሚከፍለው ደግሞ እስከ 40 ማከማቸት ይፈቀድለታል። ብዙዎች ይህን ሥርዐት የነጋዴ ዘዴ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ነቀፋውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ስለ ባለሟልነት ሲሆን ዘዴው ሳይታሰብ ትርጕም አግኝቷል እንላለን። የተጋዘው ሰው ነውሩን የሚቀንሰው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ ነገ ተመልሶ ጥቂት ይሠራል፣ ደግሞ ይጠብቃል። ለዚህ ነገር የእኛ ቋንቋ የቆየ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል። ደጅ የሚጠና ሰው ዋና ሥራው መጠበቅ ነው፤ ጉዳዩ በአንድ ቀን ቢፈጸምለት ደጅ ጠና አይባልም። መጽሐፍ ይህን መጠበቅ ሊነግረን ይችላል እንጂ ሊያስጠብቀን አይችልም፤ «ሦስት ዓመት ቈየ» የሚለውን አንባቢ በአንድ ትንፋሽ አልፎት ይሄዳል። ይህ ሥራ ግን አንባቢውን ራሱን ደጅ ያስጠናዋል። ገንዘብ የከፈለውም ጥቂት የተመቸው መሆኑ፣ አጋፋሪውን ያስደሰተ ባለጉዳይ ከሌላው ቀድሞ እንደሚገባ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መታሰብ ነው። ሥራው የሳተው በዚህ ላይ ይመስለናል። ነውር ቍጥር ነው፤ ቍጥርም የማን እንደ ሆነ፣ በማን ላይ እንደ ተሠራ አይናገርም። ቍጥሩ ዝቅ ባለ ጊዜ አንባቢው ወደ ለንደን ይመለሳል፤ ማንም ይቅር አላለውም፣ ማንም ይቅር አልለውም ያለ የለም። ምሕረቱ ከማንም አፍ ሳይወጣ ይፈጸማል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም፤ የተወጋው ሰው ጭራሽ አልተመዘገበምና።

ድርሰቱ የሚቀዳው ከቪክቶሪያ ዘመን ስለ ሆነ፣ ከዚያው ዘመን ሁለት ታሪኮችን አንሥተን እናነጻጽር። በ1876 ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል ወንድሙን ከፍች ክስ ለማዳን ሲል፣ የዌልስ ልዑል ለአንዲት ባለ ትዳር እመቤት የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እገልጣለሁ ብሎ አስፈራራ። ልዑሉም ቸርችሎችን ከሚቀበል ቤት አልገባም አለ። አባትየው የማርልቦሮ መስፍን የአየርላንድ እንደራሴ ሆነው ሲሾሙ ራንዶልፍ ጸሐፊያቸው ሆኖ ወደ ደብሊን ሄደ፤ ሹመት ቢባልም ለእርሱ ግዞት ነበር። የይቅርታ ደብዳቤ ፈረመ፤ በሩ ግን በዚያ አልተከፈተም። ከልዑሉ ጋር የታረቀው በ1884 ነው፤ ይኸውም ከ8 ዓመት በኋላ፣ በፓርላማ ውስጥ ችላ ሊባል የማይችል ሰው ከሆነ ወዲህ መሆኑ ነው። በአንጻሩ ሰር ዊልያም ጎርደን ከሚንግ በ1890 ይኸው ልዑል በተገኘበት የካርታ ጨዋታ አጭበረበረ ተብሎ ተከሰሰ። ስሙን ለማዳን በ1891 ፍርድ ቤት ሄዶ ልዑሉን ሳይቀር ለምስክርነት አስቀረበ፤ ተረታ፤ ወዲያውም ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1930 እስኪሞት ድረስ 39 ዓመት ሙሉ ያ በር አልተከፈተለትም።

ሁለቱ ታሪኮች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። ሞገስ የሚኖረው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የሚመለሰውም ያ ሰው ሲወድ፣ ወይም የወደቀው ሰው ተመልሶ ሲያስፈልግ ነው። የቸርችልን በር የከፈተው የቀኑ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጎርደን ከሚንግም በተከፈተ ነበር። በጨዋታው ግን በሩ ለሁሉም በእኩል ዋጋ ይከፈታል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ በሩ ለዘለዓለም የተዘጋበት አንባቢ ጨዋታውን ትቶ ይሄዳልና። እንግዲህ የድርሰቱ ምሕረት የመጣው ከታሪኩ አይደለም፣ አንባቢን ካለማጣት ፍላጎት ነው።

«ጨዋታ ነውና ይህን ያህል አትጠይቁት» የሚለን አይጠፋም። የእኛ መልስ ግን፣ ይህን የምንጠይቀው አሠራሩ ስለሚችል ነው የሚል ነው። ይህ ዓይነት ድርሰት ከሌላው የሚበልጥበት ዋና ነገር መመዝገብ ነው። አንባቢው ማንን እንደ ረዳ፣ ማንን እንደ ከዳ በቍጥር ይዞ ከብዙ ወራት በኋላ ሊያነሣበት ይችላል። ስለዚህ ከግዞት የተመለሰውን ባለሟል በአዳራሹ አንድ ሰው ፊቱን እንዲያዞርበት፣ አንድ ግብዣ ሳይደርሰው እንዲቀር ማድረግ ለደራሲዎቹ ከዐቅም በላይ አይደለም። እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ በዋናው የነውር ሥርዐት ላይ ቢጨመር ኖሮ መመለሱ የበለጠ ይጣፍጥ ነበር።

ሦስተኛው ፈራጅዋ ራስዋ ናት። በዚህ ከተማ ሕዝቡ ንግሥቲቱን በሹክሹክታ «ከዳተኛዋ ንግሥት» ይላታል። ከነውር ሁሉ የሚበልጠውን ነውር የሠራችው እርስዋ ናት፤ ለአንድ ሰው ሕይወት ስትል መላ ከተማን ሸጣለች። ሆኖም የነውር ቍጥር በእርስዋ ላይ አይቈጠርም፤ ወደ መቃብር ቅኝ ግዛቶችም የሚጭናት መርከብ የለም። በደብዳቤና በመሳሳም የሚጋዘው ባለሟል ሞገስን የሚለምነው ከእርስዋ አዳራሽ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው ነገር በዚህ ተፈጽሟል፤ ሰማይ እንኳ በሌለበት ዋሻ ውስጥ ንጉሥ አይከሰስም። ደራሲዎቹ ይህን ተቃርኖ ሳያብራሩ መተዋቸው ብልህነት ነው። አንባቢው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ወደ አዳራሹ ሲመለስ፣ «የተመለስሁት ወደ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ራሱ እንዲጠይቅ ትተውታል።

ከዚህ በላይ ያየነውን ለማጠቃለል፣ «ፎለን ለንደን» ከሞገስ የወደቀ ሰው የት እንደሚጣልና እንዴት እንደሚጠብቅ በሚገባ አሳይቷል፤ የሚለምነው ቤተ መንግሥትም ንጹሕ አለመሆኑን አልሸሸገም። የጐደለው ይቅር የሚል ወይም አልልም የሚል ሰው ነው። ባለሟልነት በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነውና፣ አንደኛው ወገን ቍጥር ብቻ ሲሆን የሚመለሰው ቦታው እንጂ ሞገሱ አይደለም። ይህ ዓይነት ድርሰት ገና ወጣት ነው፤ መጠበቅን እንዲህ አድርጎ ካስተማረን፣ አለመርሳትንም ሊያስተምረን የሚችልበት ጊዜ ሩቅ ነው ብለን አናስብም።