ፊርማው የማን ነው?

የብርጭቆ ጌጥ የሚሰበስብ ሰው አንድ ዕቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ መቀመጫውን ማየት ነው። ፊርማ ካገኘ ይረካል፤ ካጣ ያጣጥለዋል። እኔ ይህን ልማድ አልቀበለውም። ምክንያቴን በአንድ ሥራ ላስረዳ።

በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት የብርጭቆ እቶኖች ከ1291 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲነዱ ኖረዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሠዓሊው ፉልቪዮ ቢያንኮኒ ከፋብሪካ ባለቤቱ ከፓኦሎ ቬኒኒ ጋር «ፋትሶሌቶ»፣ ማለትም «መሐረብ»፣ የተባለውን ዕቃ አወጣ። ብርጭቆ ነፊው የጋለውን ብርጭቆ እንደ ሳህን ከዘረጋው በኋላ ይገለብጠዋል፤ ጠርዙም በገዛ ክብደቱ እየተጣጠፈ ወደ ታች ይወርዳል። ቀዝቅዞ ሲቃና ከአየር ላይ የተቀለበ መሐረብ ይመስላል። እጥፋታቸው ፈጽሞ አንድ የሆነ ሁለት መሐረቦች አይገኙም።

ቅርጹ ስለተወደደ ሌሎች የሙራኖ ቤቶችም ቀዱት። ታዲያ የቬኒኒን ከሌላው በምን እንለያለን? በ1950ዎቹ የፋብሪካው ስም በብዙዎቹ ዕቃዎች መቀመጫ ላይ በአሲድ ይታተም ነበር። ዳሩ ግን የተጻፈ ስም ከብዙ ዓመት በኋላም ሊጨመር ይችላል፤ የወረቀት ምልክትም ተልጦ ሌላ ዕቃ ላይ ይለጠፋል። አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግረው ዕቃው ራሱ ነው፦ የግድግዳው ስስነት፣ በውስጡ የተዘረጉት ነጫጭ ክሮች እኩልነት፣ ከብረት ዘንጉ የተላቀቀበት ጠባሳ አስተላለስ። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ የኖረ ዕቃ መቀመጫው ላይ ያለው ጭረት ደቃቅና አቅጣጫ የሌለው ነው፤ ሆን ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀው ግን ባንድ አቅጣጫ ይሰለፋል።

ፊርማው እውነተኛ ቢሆንስ ምን ይነግረናል? ቬኒኒ በትምህርቱ የሕግ ሰው፣ ቢያንኮኒ ደግሞ ሠዓሊ ነበር። ከእቶኑ ፊት ቆሞ ብርጭቆው መቼ እንደሚገለበጥ በቅጽበት የሚወስነው ዋናው ባለሙያ፣ ረዳቶቹም ጭምር፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሉም። የሐሳቡን አፍላቂ ማክበር ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ መሐረቡ አይኖርም ነበር። ነገር ግን «የቬኒኒ ሥራ» ብለን ስንዘጋው የፋብሪካውን ስም የሠሪው ስም እያደረግን ነው። በገበያ ዋጋውን የሚሰቅለውም ይኸው ስም ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ መሐረብ የሚጽፍ ሐያሲ ከእጥፋቱ ይጀምር፤ ፊርማውን በመጨረሻ ይመልከት። በሙዚየም መግለጫ ካርድ ላይም ከነዳፊውና ከፋብሪካው ስም ቀጥሎ አንድ መስመር ለነፊው ይተውለት፤ ስሙ ካልተገኘ «ነፊው አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ።