አንቀጽ 47 ያልተናገረው

«ጋሼ፣ ሕዝብ ክልል ልሁን ብሎ ድምፅ ሲሰጥ ስንት ብር እንደሚያስወጣው አስቀድሞ የሚያሰላው ማን ነው?» ሕግ ተምራ ወረዳ ፋይናንስ የተመደበች ልጅ ሐይቅ ከተማ የጠየቀችኝ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት አብሯት የነበረው ባልደረባዋ መለሰላት፦ «ምን ያስቸግራል? የሚደርሰውን ድጎማ ማስላት ነዋ!» ከዚህ ስሌት ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ዛሬም አልተውም።

ከድጎማ የሚነሳ ሰው ሒሳቡን ከጅራቱ ይይዛል። ድጎማው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ይከፋፈላል፤ ቋቱ ግን ክልል በበዛ ቁጥር አይሰፋም። አንዱ ድርሻ ለሁለት ሲከፈል ምክር ቤቱ፣ ካቢኔው፣ ዋና ኦዲተሩ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ሁለት ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት በደስታ ያልፋል። ደመወዙ፣ ነዳጁና የውሎ አበሉ ከካፒታል በጀት ላይ መቀነስ የሚጀምረው ግን ቆይቶ ነው፤ ያኔ ሳይሠራ የሚቀረው የቀበሌው የውኃ ጉድጓድ ነው።

እኔ የምነሳው ከሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 እና አንቀጽ 47 ጎን ለጎን አስቀምጡና አንብቡ። አንቀጽ 39 ከአገር ለመገንጠል አምስት ነገር ይጠይቃል፤ የመጨረሻው በሕግ መሠረት የንብረት ክፍፍል ሲደረግ ይላል። አንቀጽ 47 ደግሞ አዲስ ክልል ስለማቋቋም ነው፤ እሱም አምስት ነጥብ አለው። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫ ድምፅ ሲደግፈው ሥልጣኑን ያስረክባል፤ አዲሱ ክልል ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። ስለ ንብረት አንድ ቃል የለም። ስለ ዕዳም፣ ስለ ሠራተኛም የለም። ለሚወጣው ታስቧል፤ አብሮ ለሚቆየው ግን ሳይታሰብለት ቀርቷል።

እንደ እኔ ያለ የሕግና የበጀት ተንታኝ ሥራ ያለው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ወሎ ውስጥ ውርስ ሲከፈል፣ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያለበትን ዕዳ ነው። በሬውና መሬቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ ግን ክልል ስንከፍል ከበሬው እንጀምራለን።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ድምፅ ሲሰጥ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕል ነበረ፤ ሻፌታና ጎጆ። ከመራጩ 98.5 በመቶው ክልል መሆንን የሚወክለውን ሻፌታን መረጠ። ሕዝቡ ፍላጎቱን በግልጽ ተናግሯል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ሐዋሳ የደቡብ ክልልም መቀመጫ ነበረች። ቢሮዎቹ፣ መኪኖቹ፣ መዛግብቱ፣ ያላለቁት የግንባታ ውሎች የማን ይሆናሉ? ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከሥዕሎቹ ጋር አብሮ ለመራጩ ሊቀርብለት ይገባ ነበር።

ቀኑም ሒሳብ አለው። የሲዳማ ርክክብ ሰኔ 2012 ላይ መዋሉ ለበጀት ሠራተኛ ምቹ ነው፤ ሐምሌ 1 አዲስ መዝገብ ይከፈታል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ግን መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ተሰጥቶ ኅዳር 14 ተመሠረተ፤ የበጀት ዓመቱ ከአራት ወር በላይ ሄዶ ነበር። ማዕከሎቹም ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ሆኑ። አራት ከተማ ማዕከል ማድረግ ለአንድነት ይጠቅም ይሆናል፤ ያን የሚመዝነው ሕዝቡ ነው። በከተሞቹ መካከል የሚመላለሰው ኃላፊ ነዳጅና አበል ግን በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ስለሆነ መራጩ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የጥር 29 ቀን 2015ቱ ነው። የደቡብ ክልል ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጡ፤ የወላይታው ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ። ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲወለድ የቀሩት ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባሉ፤ ሐዋሳ የነበረው ሠራተኛም ወደየአዲሶቹ ከተሞች ተደለደለ። የሀዲያና የጉራጌ ገበሬ በዚያ ቀን ድምፅ አልሰጠም፤ ክልሉ ግን ተለወጠ። ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ባልሰጠው ሰው ኪስም ይገባል። ይህን ረድፍ የዘለለ ትንተና እኔ ትንተና አልለውም።

በእኛም በአማራ ክልል መስከረም 7 ቀን 2010 በቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ በስምንት ቀበሌዎች ድምፅ ተሰጥቷል። እንዲህ ባለ ትንሽ ቦታ ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው፤ አንድ ቀበሌ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲሻገር የመምህሯንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ደመወዝ ከየትኛው ወር ጀምሮ የትኛው ወረዳ ይከፍላል?

ወጪውን ከድምፁ በፊት ለመራጩ ማሳየት የማይቻል ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕግ አውጪው የሚሠራ ገለልተኛ የበጀት ተንታኝ ቢሮ አለ፤ ለድምፅ የሚቀርበው እያንዳንዱ ሐሳብ ሕጉን ምን እንደሚለውጥና ምን እንደሚያስወጣ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ከምርጫው በፊት በየመራጩ ቤት ይደርሳል። ደግፉ ወይም ተቃወሙ አይልም። እኔም ለጀማሪ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ አስተያየትህን ለድምፅ መስጫው ሣጥን አቆየው።

አባቴ አምባሰል ውስጥ አራሽ ነበር። የግብር ደረሰኞቹን በቆዳ ኮሮጆ ጠቅልሎ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ያንጠለጥል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ፣ የወረዳው ድንበር ሲሸጋሸግ፣ አዲስ ሹም ሲመጣ «ከፍለሃል?» ሲባል ኮሮጆውን ያወርዳል። ማንበብ አይችልም፤ የትኛው ወረቀት የየትኛው ዘመን እንደሆነ ግን በማኅተሙ ይለይ ነበር። ይህን ሙያ የመረጥኩት ለእሱ ዓይነት ሰው ነው። በላዩ የሚወሰነውን በቋንቋው፣ ከመወሰኑ በፊት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ውጫሌ እዚያው አምባሰል ናት፤ በ1881 የተፈረመ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ አገርን እስከ ዐድዋ እንደሚያደርስ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጅቷን አብሽሪ፣ ሥራው ገና አልተጀመረም አልኳት። ለሕግ አውጪዎቻችን ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ አንቀጽ 47ን ማሻሻል ከባድ ከሆነ፣ ከማንኛውም ሕዝበ ውሳኔ በፊት የንብረት፣ የዕዳና የሠራተኛ ድልድል ሠንጠረዥ ለመራጩ ይቅረብ የሚል አንድ አዋጅ አውጡ። እናንተም መራጮች፣ ካርዱን ስትወስዱ ሠንጠረዡን ጠይቁ።